የአያቴን ሀብል የሰረቀው ማነው?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ትዳርም አይደለም። ስለ አይጥ ነው። «ምነው ይቺ ልጅ፣ ወሬ አለቀባት እንዴ?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ! የአይጧ ነገር በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ በቤታችን ስለተፈጸመ አንድ በደል ልንገራችሁ። በዳዮቹ ሌሎች ሳይሆኑ እኛው ነን፤ እኔም አለሁበት።

አያቴ ልጅ ሳለሁ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። «እማማ» ነው የምንላቸው፤ ሰፈሩም የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። እናቴ ሥራ ስትውል ሀሁን ያስቆጠሩኝ፣ ጸጉሬን ሹሩባ የሠሩኝ፣ ስታመም ግንባሬን ይዘው ያደሩት እሳቸው ናቸው። በማስታወስማ የሚወዳደራቸው አልነበረም። የዕድሩን መዋጮ ማን እንደከፈለ፣ ማን ዛሬ ነገ እንደሚል ያለ መዝገብ በቃላቸው ያውቁታል። የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ የክርስትና ቀን አይስቱም።

ከዕለታት አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉም ቶናውም በረካውም ተጠጥቶ ሲያበቃ እማማ ወደ ረከቦቱ ዞረው «ኧረ ይሄ ቡና መቼ ነው የሚፈላው?» አሉ። ሳቅን። እሳቸውም አብረውን ሳቁ። «እርጅና ብቻህን ና» ተባለና ታለፈ። ሳምንት ሳይሞላ ደገሙት። አሁንም ሳቅን። በሦስተኛው ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም። የተናገረ ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ ሀብሉ ጠፋ።

ሀብሉ ሟቹ ወንድ አያቴ ለሰርጋቸው ያሠሩላቸው ወርቅ ነው። እማማ አንድ ማለዳ ተነስተው «ተሰረቅሁ!» ብለው ቤቱን ቀወጡት። በቤታችን ደግሞ ባዕድ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ሠራተኛችን። ከገጠር የመጣች፣ ቢበዛ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። እማማ በማርያም ማሉ። «በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ፤ ከትራሴ ሥር ስትወስድ» አሉ። እማማ ዋሽተው አያውቁም። እና ማንን እንመን? ልጅቱ መሬት ላይ ተደፍታ የእናቴን እግር ይዛ «እትዬ አልወሰድኩም፤ ፈጣሪ ያውቃል» እያለች አለቀሰች። ዕቃዋ ተበረበረ፤ ዕቃ ከተባለ አንድ ፌስታል ልብስ ነው። ምንም አልተገኘበትም። «ለሰው አቀብላዋለች» ተባለ። የሁለት ወር ደሞዟ ተይዞባት ወጣች። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ከፍቼላት ደግሞ ፊቴን አዞርኩ።

ስምንት ወር ቆይቶ ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ከአሮጌ ምጣድ ጀርባ አንድ ጣሳ ወጣ። ምን ቢኖርበት ጥሩ ነው? በጨርቅ የተጠቀለለ ሀብል፣ ስንፈልገው የከረምነው የቁምሳጥን ቁልፍ፣ የእኔ የክርስትና መስቀል፣ እንደ ድንጋይ የደረቁ የዳቦ ቁራሾች። እናቴ ጣሳውን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። እማማ ጠጋ ብለው ሀብሉን አገላብጠው አዩና «ይሄ የማን ነው? እንዴት ያምራል!» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባን።

ፀበሉንም አደረስን፤ ሐኪም ቤትም ሄድን። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነው። ቀኑን ጠየቃቸው፣ ወሩን ጠየቃቸው፣ ወረቀት ሰጥቶ ሰዓት እንዲስሉ ጠየቃቸው። እማማ ክቡን ሣሉና ቁጥሮቹን ሁሉ ባንድ ጎን ደረደሯቸው። የደም ምርመራ ታዘዘ፤ ራሳቸውን ተነሱ። በመጨረሻ «ዲሜንሽያ ነው፤ ምናልባትም አልዛይመር የሚባለው» አለን። በእኛ አማርኛ የመርሳት በሽታ መሆኑ ነው። እናቴ ሀብሉን አነሳችበት። ሐኪሙም እንዲህ ያለው ክስ በዚህ በሽታ የተለመደ እንደሆነ ነገረን። ሰውየው ይደብቃል፤ መደበቁን ይረሳል፤ ዕቃውን ሲያጣው አእምሮው ክፍተቱን በሌባ ይሞላዋል። «እናታችሁ አልዋሹም። እንደነገሯችሁ አድርገው ነው የሚያስታውሱት» አለ።

ከዚያ ደግሞ እስከ ዛሬ የምትከነክነኝን ነገር ጨመረ፦ «በሽታው አንጎል ውስጥ የጀመረው ትናንት እንዳይመስላችሁ። አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ሊሆነው ይችላል።»

ሃያ ዓመት! እቤት ስገባ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እማማ በጣታቸው እየጠቆሙ «ሀ በሉ» የሚሉኝ ጊዜ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ሌባው ቤታችን የገባው። አንጎል ውስጥ ሃያ ዓመት የተቀመጠ ነገር እንዴት አንዲት ምልክት አይሰጥም? እንቅልፍ ነሳኝ።

እዚህ ላይ ነው አይጧ የምትመጣው።

አንድ አብሮ አደጌ አለ፤ 12ኛ ክፍልን አብረን የጨረስን። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገባ። ለእናቱ «ዩኒቨርሲቲ ነው የምሠራው» ብሎ ነግሯቸዋል፤ ውሸትም የለበትም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የአይጦችን ቤት ያጸዳል፤ ምንጣፋቸውን ይቀይራል፤ ውሃና ምግብ ይሰጣል። አንድ ማታ ስልክ ደውሎ ሲያጫውተኝ የእማማን ነገር ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «የእማማ በሽታ እኮ እኔ ጋ ያሉት አይጦች አለባቸው» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ተቆጣሁት። «በእግዜር ስም፤ በመርፌ ሳይሆን በዘር ነው የሰጧቸው» አለ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ ያልገባኝን እሱን ሳስጠይቅ ከረምኩ። የገባኝን ላካፍላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ጀርመን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ሆስፒታል ገባች። አሎይስ አልዛይመር የሚባል ሐኪም ስሟን ጠየቃት፤ «አውጉስተ» አለች። የባልሽስ ስም? «አውጉስተ» አለች። አሁን ልብ በሉ፤ የዚህች ሴት በሽታ መጀመሪያ የታየው በመርሳት አልነበረም፤ በቅናት ነው። ባሏን መጠርጠር ጀመረች። ከዚያ ዕቃ እያነሳች ወዲያ ወዲህ ትደብቅ ነበር። ይህንን ሳነብ ጸጉሬ ቆመ። የእኛ ጣሳ ከመቶ ዓመት በፊት ፍራንክፈርት ውስጥ ነበረች!

አውጉስተ እ.ኤ.አ. በ1906 ስትሞት አልዛይመር አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መረመረ። ከሴሎቹ ውጪ የተጠራቀመ ቆሻሻ መሰል ነገር፣ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ የተተበተበ ክር አገኘ። በዚያው ዓመት ቱቢንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ለሐኪሞች ጉባኤ አስረዳ። ዛሬ ቆሻሻው አሚሎይድ፣ ክሩ ታው ከሚባል ፕሮቲን እንደሚሠራ ይታወቃል። የከተማዋን ስም ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? አልዛይመር ምልክቱን ያየው ሴትየዋ ከሞተች በኋላ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታትም ሐኪሞች በእርግጠኝነት ለማወቅ ሞትን መጠበቅ ነበረባቸው። ሰው በሕይወት እያለ በደሙ ወይም በሌላ ፈሳሹ ውስጥ የሚታይ ጠቋሚ ምልክት ቢገኝስ? ሳይንቲስቶቹ ባዮማርከር የሚሉት ይህንን ነው። ጭስ ማለት ነው፤ እሳቱን ሳታዩ እሳት እንዳለ የሚነግራችሁ።

ታዲያ ለምን ከሰው አይፈልጉትም ትሉ ይሆናል። ይፈልጉታል። ግን አስቡት፤ ዛሬ ሰፈራችሁ ውስጥ ካሉት የሃምሳ ዓመት ሰዎች የትኛው ከሃያ ዓመት በኋላ እንደሚታመም ማን ያውቃል? የሁሉንም ደም እየቀዳችሁ ሃያ ዓመት መጠበቅ ሊኖርባችሁ ነው። ከዚያም ላይ የማንንም አንጎል በየዓመቱ ከፍታችሁ «እዚህ ደርሷል» ማለት አትችሉም።

አይጥ ግን ዕድሜዋ ሁለት ዓመት ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሁለት የስዊድን ቤተሰቦች ውስጥ በሽታውን በዘር የሚያስተላልፍ የጂን ስህተት ተገኝቶ ነበር። በ1996 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ካረን ሲያኦና ባልደረቦቿ ያንን የሰው ጂን የተሸከመች አይጥ ማርባታቸውን አስታወቁ። ከሷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ቡድንም ተመሳሳይ አይጥ አሳይቷል። የካረን አይጦች በሦስት ወራቸው እንደ ጤነኛ ይማራሉ። ዘጠኝ አሥር ወር ሲሞላቸው ይረሳሉ፤ አንጎላቸው ውስጥም አሚሎይዱ ተጠራቅሞ ይታያል።

አብሮ አደጌ ሲነግረኝ የገረመኝ አይጥ መርሳቷ በምን እንደሚታወቅ ነው። ቀኑን አትጠየቅ፣ ሰዓት አትስል! ለካስ ዋና ያስዋኟታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሪቻርድ ሞሪስ የተባለ ሳይንቲስት የፈጠረው ዘዴ ነው። በሰፊ ክብ ገንዳ ውሃ ይሞላል፤ እንዳያሳይ ወተት በመሰለ ነገር ይደፈርሳል። ከውሃው በታች የማትታይ ትንሽ መቆሚያ አለች። አይጧ ስትዋኝ ትደርስባትና ታርፋለች። በሚቀጥሉት ቀናት ጤነኛዋ በግድግዳው ላይ ያሉትን ምልክቶች እያየች ቀጥታ ወደ መቆሚያዋ ትሄዳለች። የታመመችው ግን ትዞራለች፣ ትዞራለች... ካሜራ ከላይ ሆኖ ይቀዳታል። «አንዷን አይቼ ነበር፤ እማማን አስታወሰችኝ» አለኝ። እኔንም አስታወሰችኝ። እማማ አንድ ማታ ከራሳቸው ሳሎን ወደ ራሳቸው መኝታ ቤት መሄጃው ጠፍቷቸው ግድግዳ ሲዳስሱ አግኝቻቸዋለሁ።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ እነዚህ አይጦች ሲወለዱ ጀምሮ ምን እንደሚጠብቃቸው ይታወቃል። ስለዚህ ገና ጤነኛ ሳሉ በሁለት ወራቸው፣ በአራት ወራቸው፣ በስድስት ወራቸው ፈሳሻቸውና ደማቸው ይቀዳል። ከዚያ አንጎላቸው ተከፍቶ ከደሙ ጋር ይተያያል። «አንጎሉ ይህን ሲመስል ደሙ ምን ይላል?» ነው ጥያቄው። ሃያ ዓመት የነበረው መንገድ ወደ ሃያ ወር ይጠጋል።

አሁን ወደ ቱቢንገን እንመለስ። አልዛይመር በተናገረባት በዚያችው ከተማ ማቲያስ ዩከር የሚባል ሳይንቲስት የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ውጤት አወጣ። አንጎልን የሚከብ ንጹሕ ፈሳሽ አለ። የአይጦቹ አንጎል ውስጥ አሚሎይድ ሲጠራቀም በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ያለው አሚሎይድ ይቀንሳል፤ ታው ግን ይጨምራል። ለምን ይቀንሳል? ቦይ ላይ ቆሻሻ ሲያዝ ወደ ታች የሚወርደው እንደሚቀንስ ማለት ነው፤ ላይ ተይዞ ቀርቷል። ይህ ለውጥ በሰው ላይ አስቀድሞ ታይቶ ነበር። አይጦቹ ግን ከአንጎሉ ጋር ጎን ለጎን አድርገው አሳዩት።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ያው ቡድን ከአይጦቹ ደም ውስጥ ኒውሮፊላመንት የሚባል ነገር ለካ። የነርቭ ሴል ቅርጹን የሚይዝበት ክር ነው። ነጠላ ሲቀደድ ክሩ እንደሚፈታ ሁሉ ነርቭ ሲጎዳ ይህ ክር ወደ ደም ያመልጣል። አይጦቹ አንጎል ውስጥ በሽታው በጨመረ ቁጥር በደማቸውም ጨመረ። የአሚሎይዱን መጠራቀም በመድኃኒት ሲያግዱት በደም ያለውም መጨመሩ ተገታ። ልብ አድርጉ፤ ከጠብታ ደም ነው!

ከአይጥ ወደ ሰው ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የዩከር ቡድንና ሌሎች ተመራማሪዎች በሽታው በዘር የሚተላለፍባቸውን ቤተሰቦች ደም መርምረው፣ ይህ ክር የሚጨምርበት ፍጥነት የሚለወጠው መርሳቱ ከመጀመሩ 16 ዓመት ገደማ ቀድሞ መሆኑን አሳዩ። በ2020 ደግሞ የታው አንዱ ዓይነት (ፒ-ታው 217 ይሉታል) በደም ሲለካ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትልቅ የዘር ሐረግ ውስጥ ምልክቱ 20 ዓመት ያህል ቀድሞ ታየ። በግንቦት 2025 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለአልዛይመር የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቀደ። ምርመራው ታዲያ የመርሳት ምልክት ለታየባቸው ሰዎች ነው፤ እንደኔ ላለችው ጤነኛ ፈሪ አይደለም።

ይህን ስትሰሙ «እልልል» እንዳትሉ። አይጥ ሰው አይደለችም። የራሷ አሚሎይድ ከሰው በሦስት ቦታ ስለሚለይ በተፈጥሮዋ ይህ በሽታ አይዛትም፤ የሰውን ጂን ተበድራ ነው የምትታመመው። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ አይጦች አሚሎይዱ ቢኖራቸውም የታው ትብትብ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1999 አይጦችን ከአሚሎይዱ ያጸዳ ክትባት ተገኝቶ ዓለም ተደስቶ ነበር። በሰው ሲሞከር ግን ከተከተቡት 6 በመቶ ያህሉ አንጎላቸው ስለተቆጣ በ2002 ቆመ። አይጥ ላይ የዳነ በሽታ ስንትና ስንቴ ሰው ላይ እምቢ ብሏል። «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» እንዲሉ፣ ይቺን ምስክር ብቻዋን ማመን አይቻልም። የምትናገረው ሁሉ በሰው ደም መረጋገጥ አለበት። የደም ምልክቶቹ ናቸው ይህን ፈተና የተሻለ ያለፉት።

እናንተዬ፣ አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ማወቁ ምን ይፈይዳል? መድኃኒቱ እንደሆነ ገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የሚባለው መድኃኒት በጅምር ላይ ባሉ ሰዎች በ18 ወር ውስጥ የበሽታውን ግስጋሴ በ27 በመቶ ያህል አዘገየ እንጂ አላቆመውም፤ የአንጎል እብጠትና መድማትም ሊያመጣ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። «የማይድን ነገር ባውቀው ምን ልሆን ነው?» የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። እኔም እንዲሁ ነበር የምለው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሐኪሙም አብሮ አደጌም አይደሉም፤ ያቺ ልጅ ናት።

ፈለግናት። ደላላውን አገኘን፤ ደላላው ወደ አንዲት ሴት መራን፤ ሴትዮዋ ወደ አንድ ምግብ ቤት። ልጅቱ ጓዳ ሆና ሰሃን ታጥባለች። እናቴ የሁለት ወሩን ደሞዝ በፖስታ፣ ከላዩም የካሳ ገንዘብ ይዛ ነበር። እግሯ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ልጅቱ ቀልጠፍ ብላ ያዘቻት። «ኧረ እትዬ፣ ይተዉ» አለች። ከዚያ በቀስታ «ሌባ ተብዬ ስወጣ ስድስት ወር የቀጠረኝ የለም» አለች። ሌላ ክስ አልተናገረችም። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም።

ልንወጣ ስንል እንዲህ አለችን፦ «እኔ እኮ አውቅ ነበር። እማማ ሌሊት ሌሊት ይነሳሉ። ዳቦ ይደብቃሉ፣ ቁልፍ ይደብቃሉ። አንድ ሁለቴ አይቼ መልሼ ቦታው አስቀምጫለሁ። እንዳልናገር ማን ያምነኛል? እማማን ስም አጠፋች ብትሉኝስ?» ቀጥላም «ደህና ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

መንገድ ላይ እናቴም እኔም አልተናገርንም። እኔ ግን ስለ አይጦቹ አስብ ነበር። ስንት የተማረ ሰው አንዲት አይጥ ገንዳ ውስጥ ስትዞር በካሜራ ይከታተላል፤ ደሟን በጠብታ እየለካ ምልክት ይፈልጋል። እኛ ቤት ምልክቱን በዓይኗ ያየች ሰው ነበረች። የጠየቃት የለም። ለካስ መጀመሪያ ያየችውን ነው ሌባ ብለን ያባረርነው።

ስለዚህ ለእኔ መልሱ ይሄ ነው። በሽታው ቀድሞ ቢታወቅ እማማ ላይድኑ ይችላሉ፤ ግን አንዲት ልጅ በስማቸው አትበደልም ነበር። እማማም የልጅ እንባ ሳያስፈስሱ ያረጁ ነበር። የበሽታን ስም ቀድሞ ማወቅ ጥፋተኛ ከመፈለግ ያድናል። ጥሩ ምልክት ማለት መድኃኒት ከመምጣቱ በፊትም ሥራ አለው።

ደሙ እስኪለካ ድረስ እኛ የምንችለውን ልንገራችሁ። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት የሁላችንም ነው፤ ቁልፉ ለምን እንደሚያገለግል መርሳት ግን ያሳስባል። ያንኑ ጥያቄ ባንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ፣ በሚያውቁት ሰፈር መጥፋት፣ ገንዘብ መቁጠር ማቃት፣ ያለ ምክንያት ሰው መጠርጠር ከታየ «ጃጁ» ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይያቸው። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሰውን እንዲህ ያደርጉታል፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። የደም ግፊትን፣ ስኳርን፣ የጆሮ መድከምን ቶሎ መታከም፣ ሲጋራን መተው፣ መንቀሳቀስ ለአንጎልም ይጠቅማል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። «አያቴ ስላላቸው እኔም ይዞኛል» ብላችሁ አትሸበሩ፤ እንደ ስዊድኖቹና ኮሎምቢያዎቹ በአንድ ጂን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄደው በጣም ጥቂቱ ነው። ከታመመው ሰው ጋር ደግሞ አትከራከሩ። «ተሰረቅሁ» ሲሉ «ኑ አብረን እንፈልግ» በሉ። ሠራተኛም ካለቻችሁ፣ ሌሊት የሚሆነውን የምታየው እሷ ናትና ጠይቋት፤ እመኗትም።

እማማ ዛሬም አሉ። በእህታቸው ስም ነው የሚጠሩኝ፤ እኔም «አቤት» እላለሁ። ሀብሉን አንገታቸው ላይ አድርገንላቸዋል። አንዳንዴ ይዳስሱትና «ማን ሰጠኝ?» ይላሉ። «ባልዎት» ስላቸው ያፍራሉ፣ እንደ ሙሽራ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እናቴ ስልኳን ስታጣ ቤቱን ሁሉ አስፈለገችን። ፍሪጅ ውስጥ ተገኘ። ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። 57 ዓመቷ ነው። ሊሆን ይችላል ሥራ በዝቶባት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ምንም አይደለም። ማታ ቡና ላይ ቀስ ብዬ «እማዬ፣ ሐኪም ጋ ብንሄድ ቅር ይልሻል?» አልኳት። ጣሳውን ያስታወሰች ይመስለኛል፤ ብዙ ቆይታ «ማክሰኞ እረፍት ነኝ» አለች።

ማክሰኞ እንሄዳለን። እናንተም ቤታችሁን አንዴ ቃኘት አድርጉ። ቸር ያሰንብተን!